ድረ ገጽ ለሚያሠራ ነጋዴ፦ የሚታየውንና የማይታየውን ክፍል ለይቶ ማወቅ

በሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ባለሱቅ ድረ ገጽ ልታሠራ አስባ ሁለት ባለሙያዎችን ዋጋ ጠየቀች እንበል። አንደኛው ሌላው በጠራው ዋጋ ሩብ ሠርቶ እንደሚያስረክብ ነገራት። ሁለቱም ያሳዩዋት ናሙና በስልኳ ላይ ሲከፈት እኩል ያምራል፤ ቀሚሱ ከነጥለቱ ጎልቶ ይታያል፣ ዋጋው ከሥሩ ተጽፏል፣ «ይዘዙ» የሚለውም ቁልፍ ሲነካ ይታዘዛል። ባለሱቋ ርካሹን ብትመርጥ የሚፈርድባት የለም፤ ማየት የቻለችው ይህንኑ ብቻ ነውና። የዋጋው ልዩነት ግን ያለው ቁልፉ ከተነካ በኋላ በሚሆነው ነገር ላይ ነው። ትዕዛዙ የት ይመዘገባል? ብሩ በእርግጥ መግባቱን ማን ያረጋግጣል? ያው አንድ ቀሚስ ለሁለት ሰው እንዳይሸጥ ማን ይጠብቃል? ኮድ ጽፎ የማያውቅ፣ ነገር ግን ለኮድ ገንዘብ የሚከፍል ነጋዴ እነዚህን ጥያቄዎች ለይቶ መጠየቅ ከቻለ የሚገዛውን ያውቃል።

ሁለቱ ክፍሎች

ድረ ገጽ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሥራውን ለሁለት ይከፍሉታል። ደንበኛው በብራውዘሩ፣ ማለትም ድረ ገጽ በሚከፍትበት መተግበሪያ፣ የሚያየው፣ የሚነካውና የሚጽፍበት ሁሉ ፍሮንት ኤንድ ይባላል፤ የገጹ አቀማመጥ፣ ቀለሙ፣ የፊደሉ ቅርጽ፣ ፎቶው፣ የትዕዛዝ ቅጹ የዚህ ክፍል ናቸው። ባክ ኤንድ የሚባለው ደግሞ ሰርቨር በተባለ፣ ሌላ ቦታ በተቀመጠ ኮምፒዩተር ላይ ሆኖ ትዕዛዙን የሚቀበለው፣ ሒሳቡን የሚያሰላው፣ ከክምችት የሚቀንሰው፣ ክፍያውን የሚያረጋግጠውና ሁሉንም ዳታቤዝ በተባለ የኮምፒዩተር መዝገብ የሚመዘግበው ክፍል ነው። ሁለቱ በኢንተርኔት ጥያቄና መልስ ይላላካሉ፤ የሚላላኩበትን ስምምነት ባለሙያዎቹ ኤፒአይ ይሉታል።

በሱቅ ብንመስለው፣ መስታወቱና ማንጠልጠያው፣ በዕቃው ላይ የተለጠፈው ዋጋና ገዢው የሚስተናገድበት አኳኋን ፍሮንት ኤንድ ናቸው፤ መጋዘኑ፣ ደብተሩ፣ ካዝናውና ከሸማኔዎቹ ጋር ያለው ሒሳብ ባክ ኤንድ ናቸው። ምሳሌው ግን አንድ ቦታ ላይ አይሠራም፤ የማይሠራበትም ቦታ ነጋዴው ከሁሉ በላይ ሊያውቀው የሚገባው ነው። የሱቅዎ መስታወት የእርስዎ ነው፤ ማታ ሲቆልፉት እዚያው ያድራል። ፍሮንት ኤንድ ግን ደንበኛው ገጹን በከፈተ ቁጥር ከሰርቨሩ ወጥቶ ወደ ደንበኛው ስልክ የሚላክ ኮድ ነው፤ እዚያ ከደረሰ በኋላ በደንበኛው እጅ ነው፤ ሊያነበው ይችላል፣ ጥቂት ዕውቀት ካለውም ሊለውጠው ይችላል። ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው በኮምፒዩተር ላይ ክሮም በተባለው ብራውዘር አንድ ድረ ገጽ ከፍቶ ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍና የዩ ፊደልን አብሮ ይጫን፤ የገጹ ኮድ ተዘርግቶ ይመጣለታል። ይህ የአሠራር ጉድለት አይደለም፤ የድረ ገጽ ፈጣሪ የሆነው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ሰርን በተባለው የአውሮፓ የምርምር ተቋም ሐሳቡን ካቀረበ ወዲህ ድረ ገጽ የተሠራው እንዲህ ሆኖ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ አንድ ነው፦ ፍሮንት ኤንድ ያሳያል፣ ባክ ኤንድ ይወስናል። ዋጋ፣ ቅናሽ፣ የቀረው ዕቃ ብዛት፣ ማን የማንን ትዕዛዝ ማየት እንደሚችል፣ ክፍያ ተፈጸመ ወይስ አልተፈጸመም የሚለው፣ እነዚህ ሁሉ በባክ ኤንድ ካልተወሰኑ ውሳኔውን ለማያውቁት ሰው ስልክ አሳልፈው ሰጥተዋል ማለት ነው።

ስለ መሣሪያዎቹ ብዙ ማወቅ አይጠበቅብዎትም። ፍሮንት ኤንድ በኤችቲኤምኤል፣ በሲኤስኤስና በጃቫስክሪፕት ይሠራል፤ ባክ ኤንድ በፒኤችፒ፣ በፓይተን፣ በራሱ በጃቫስክሪፕት ወይም በሌላ ቋንቋ ሊጻፍ ይችላል፤ መዝገቡም ብዙውን ጊዜ በማይኤስኪውኤል ወይም በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ይቀመጣል። ሁለቱንም እሠራለሁ የሚል ሰው ፉል ስታክ ዴቨሎፐር ይባላል። ባለሙያው የትኛውን ቋንቋ እንደመረጠ ከመጠየቅ ይልቅ፣ እርሱ ቢሄድ ያንኑ ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ ሰው በቅርብዎ ይገኝ እንደሆነ መጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል።

መጀመሪያ፣ ባክ ኤንድ ያስፈልግዎታል?

ሁሉም ንግድ አያስፈልገውም። የሚፈልጉት ሰዎች ስልክዎን፣ አድራሻዎን፣ የሥራ ሰዓትዎንና የዕቃዎን ፎቶ እንዲያዩ ብቻ ከሆነ፣ ፍሮንት ኤንድ ብቻ ያለው ጥቂት ገጾች ይበቃሉ፤ ትዕዛዝም እስካሁን እንደለመዱት በቴሌግራምና በስልክ ይቀጥላል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ትልቅ ባክ ኤንድ እንዲያሠሩ የሚገፋፋዎት ሰው የማያስፈልግዎትን እየሸጠልዎ ነው። ደንበኛ በራሱ ጊዜ እንዲያዝና እንዲከፍል፣ ቀጠሮ ወይም ክፍል እንዲይዝ፣ ወይም የራሱን ሒሳብ እንዲያይ ከፈለጉ ግን ያለ ባክ ኤንድ አይሆንም። በመካከል ዎርድፕረስን የመሳሰሉ ተዘጋጅተው የሚገኙ ሥርዓቶች አሉ፤ ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ፣ በፒኤችፒ የተጻፈ ባክ ኤንድ ነው። «ቲም» (theme) የሚባለው መልኩን ይለውጣል፣ «ፕላጊን» የሚባለው ደግሞ በአብዛኛው አዲስ ተግባር ይጨምርለታል። ለአነስተኛ ሱቅ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ነገር ግን በየጊዜው ካልታደሰ ለሰርጎ ገቦች ይጋለጣልና የሚያድሰው ሰው ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት።

አንድ ትዕዛዝ ከመነሻው እስከ መድረሻው

ክፍፍሉን በደንብ ለማየት አንድ ትዕዛዝ እንከተል። ሜሪላንድ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ደንበኛ ለጥምቀት የምትለብሰውን ቀሚስ ከሽሮ ሜዳዋ ባለሱቅ ድረ ገጽ መርጣ «ይዘዙ» የሚለውን ነካች። ፎቶው ቶሎ መከፈቱ፣ የመጠን ምርጫው ግልጽ መሆኑ፣ ስልክ ቁጥሯን አሳስታ ስትጽፍ ቀይ ማሳሰቢያ መምጣቱ የፍሮንት ኤንድ ሥራ ነው። አሁን ከስልኳ ወደ ሰርቨሩ መልእክት ይሄዳል፤ በትክክል የተሠራ ከሆነ መልእክቱ የሚይዘው የቀሚሱን መለያ፣ መጠኑንና ብዛቱን ነው እንጂ ዋጋውን አይደለም። ዋጋውን ባክ ኤንዱ ከራሱ መዝገብ አውጥቶ ያሰላል። በግዴለሽነት የተሠራ ድረ ገጽ ግን ዋጋውንም ከስልኩ ይቀበላል፤ ያን ጊዜ 12,000 ብር የሚለውን 12 ብር አድርጎ የሚልክ ሰው ቢመጣ፣ ሥርዓቱ «እሺ» ብሎ ይመዘግባል።

ቀጥሎ ክምችት ይመጣል። በእጅ የተሸመነ ቀሚስ በመቶ የሚቆጠር ቅጂ የለውም፤ ብዙ ጊዜ የቀረው አንድ ነው። ያንኑ አንድ ቀሚስ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ደንበኛና ቦሌ ያለ ሌላ ደንበኛ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ቢያዙት፣ የሁለቱም ስልክ «1 ቀርቷል» እያለ ያሳያል። ማን ቀደመ የሚለውን የሚፈርደው፣ ለቀደመው ይዞ ለሌላው «አልቋል» ብሎ የሚመልሰው ዳታቤዙ ነው፤ ባለሙያው ይህን አስቦበት ካልጻፈው ሁለቱም ይከፍላሉ፣ ባለሱቋም በበዓል ዋዜማ ከአንዳቸው ጋር ትጣላለች።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ክፍያው ላይ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ አገናኞችም ከመጡ ወዲህ በድረ ገጽ መክፈል አገር ውስጥ ተለምዷል። ደንበኛው ከከፈለ በኋላ ወደ ድረ ገጽዎ ይመለስና «እናመሰግናለን፣ ክፍያዎ ተፈጽሟል» የሚል ገጽ ያያል። ይህ ገጽ ማስረጃ አይደለም፤ ፍሮንት ኤንድ ነው፣ አድራሻውን ያወቀ ሰው ሳይከፍልም ሊከፍተው ይችላል። በሱቅ የተቀመጠ ሰው በስልክ የሚታይን የተቀነባበረ የክፍያ ስክሪንሾት አምኖ ዕቃ መስጠት ምን እንደሚያስከትል ያውቃል፤ «እናመሰግናለን» የሚለውን ገጽ የሚያምን ባክ ኤንድም የሚሠራው ያንኑ ስሕተት ነው። ትክክለኛው አሠራር የክፍያ ድርጅቱ ሰርቨር ለእርስዎ ሰርቨር በቀጥታ የሚልከውን፣ ዌብሁክ የሚባለውን መልእክት መቀበል፣ ከዚያም የእርስዎ ባክ ኤንድ ራሱ መልሶ «በዚህ መለያ ቁጥር ይህን ያህል ብር በእርግጥ ገብቷል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ አሠራር ለሐቀኛው ደንበኛም ይጠቅማል፤ ከፍሎ ሳይመለስ ባትሪው ቢያልቅበት ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥበት ትዕዛዙ አይጠፋም። የክፍያ ድርጅቱ የሚሰጥዎት ምስጢራዊ ቁልፍም በባክ ኤንድ ብቻ መቀመጥ አለበት፤ በፍሮንት ኤንድ ኮድ ውስጥ ከተጻፈ ካዝናዎ ከነቁልፉ አደባባይ ወጥቷል።

የማይታየው ክፍል ሲሳሳት ምን እንደሚሆን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሁላችንም አይተናል። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የውስጥ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር፤ ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጾ፣ የወጣው ገንዘብ 800 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደሆነ አስታውቋል። በዚያ ሌሊት ኤቲኤሙ ብሩን ቆጥሮ ይሰጥ፣ የስልክ መተግበሪያውም ያስተላልፍ ነበር፤ በሚታየው በኩል የጎደለ ነገር አልነበረም።

አማርኛ ሲገባበት

አብዛኞቹ የድረ ገጽ መሣሪያዎች አማርኛን አስበው የተሠሩ አይደሉም፤ ስለዚህ የአገራችን ነጋዴ ሌላው የማይጠይቀውን መጠየቅ አለበት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ባክ ኤንዱም ከመጀመሪያው ለዩኒኮድ መዘጋጀት አለበት። ችግር ሲመጣ ከየትኛው ወገን እንደመጣ ከምልክቱ መለየት ይቻላል። በፊደሎቹ ቦታ ባዶ ሳጥን ከታየ፣ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው ስልኩ ላይ ፊደሉን የሚስለው ፎንት ነውና ጉዳዩ የፍሮንት ኤንድ ነው፤ በቀላሉም ይስተካከላል። የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ከታየ ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የባክ ኤንድ ነው፤ የደንበኛው ስም በዳታቤዙ ውስጥ በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ከተመዘገበ ደግሞ ዋናውን ጽሑፍ መልሶ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ሥራው በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት የራስዎን ስም በአማርኛ አስመዝግበው መልሰው ይዩት።

ፍለጋውም እንዲሁ ነው። አንዱ ደንበኛ «ሐበሻ ቀሚስ»፣ ሌላው «ሀበሻ ቀሚስ»፣ ሦስተኛው «ሃበሻ ቀሚስ» ብሎ ይፈልጋል፤ ለሰው ጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሀ ሐ ኀን፣ ሰ ሠን፣ አ ዐን፣ ጸ ፀን እንደ አንድ ቆጥሮ እንዲፈልግ ባክ ኤንዱ ካልተነገረው፣ ዕቃው በመደርደሪያ ላይ እያለ «አልተገኘም» ይላል። የስም ቅጹም ከውጭ እንዳለ የተቀዳ ከሆነ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፤ የእኛ ደንበኛ ያለው የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው፤ ቅጹም መዝገቡም ይህንኑ መከተል አለባቸው።

ቀንና ሰዓት ብዙ ጠብ ያስነሣል። ባክ ኤንዱ ሰዓቱን በአንድ ዓለም አቀፍ ሰዓት ይመዝግብ፤ ፍሮንት ኤንዱ ደግሞ ለተመልካቹ በሚገባው መንገድ ይተርጉምለት። «3 ሰዓት እናደርሳለን» የሚለው ማስታወቂያ ለአዲስ አበባው ደንበኛ የጠዋት ወይም የማታ 3 ሰዓት ነው፣ ሜሪላንድ ላለችው ግን ከቀትር በኋላ ወይም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሊሆን ይችላል። የጽሑፍ መልእክትም ወጪው ከቋንቋው ጋር ይለዋወጣል፤ በላቲን ፊደል አንድ መልእክት እስከ 160 ፊደል ሲይዝ በአማርኛ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ባክ ኤንድዎ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ረጅም የአማርኛ ማረጋገጫ የሚልክ ከሆነ የሁለትና የሦስት መልእክት ዋጋ ይከፍላሉ፤ አጭሩን ጽሑፍ ራስዎ ቢያዘጋጁት ይሻላል።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት

ድረ ገጹ ሲቀርብልዎት በቢሮ ኢንተርኔትና በባለሙያው ውድ ስልክ አይመርምሩት። ደንበኛዎ የሚይዘውን ዓይነት ርካሽ ስልክ ይዘው፣ በሞባይል ዳታ፣ ኔትወርኩ በሚደክምበት ቦታ ይክፈቱት። እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት የሆነ 20 ፎቶ ያለበት ገጽ 80 ሜጋባይት የደንበኛውን ዳታ ይበላል፤ ይህ የፍሮንት ኤንድ ጉድለት ነው፤ ፎቶዎቹን አሳንሶ በማስቀመጥ ይታረማል።

ከዚያ የማይታየውን ይፈትኑ። ለዚህ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። አንድ ብቻ የቀረውን ዕቃ ከሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ ይዘዙት። በብዛት ቦታ ላይ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ይጻፉና ሒሳቡ ምን እንደሚሆን ይመልከቱ። የመክፈያውን ቁልፍ ደጋግመው ይንኩና ሁለት ጊዜ መከፈል አለመከፈሉን ያረጋግጡ። ከፍለው ወደ ድረ ገጹ ሳይመለሱ ብራውዘሩን ይዝጉና ትዕዛዙ መመዝገቡን ይዩ። አንዱን ፈተና ግን በተለይ አይዝለሉት፦ የራስዎን ትዕዛዝ ከፍተው በአድራሻው መጨረሻ ላይ ቁጥር ካለ፣ ለምሳሌ 105 ከሆነ፣ 106 አድርገው ይክፈቱት። የሌላ ሰው ስም፣ ስልክና አድራሻ ከመጣልዎ ድረ ገጹ ለሕዝብ መከፈት የለበትም። ኦዋስፕ የተባለው የድረ ገጽ ደኅንነት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአደጋዎች ዝርዝር አንደኛ ያስቀመጠው ይህንኑ፣ ያልተፈቀደለት ሰው የሌላውን መረጃ የሚያይበትን ክፍተት ነው። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የደንበኞችዎን መረጃ የያዙት እርስዎ ስለሆኑ፣ ጥፋቱን ባለሙያው ቢሠራውም የሚጠየቁት መጀመሪያ እርስዎ ነዎት።

እርስዎ ትዕዛዝ የሚያዩበትና ዋጋ የሚለውጡበት የአስተዳዳሪ ገጽም አለ። በናሙና ጊዜ ማንም ስለማያሳየው ይረሳል፤ ሲረሳም አንድ ዋጋ ለመለወጥ በየጊዜው ባለሙያውን መጥራት ይመጣል። ይህ ገጽ እንዲኖር፣ ለሠራተኛዎና ለእርስዎም የተለያየ ሥልጣን እንዲሰጥ በውሉ ላይ ያስጽፉ።

ውሉና ርክክቡ

የዋጋ ማቅረቢያውን ሲቀበሉ የፍሮንት ኤንድና የባክ ኤንድ ሥራ ለየብቻ ተዘርዝሮ፣ ለየብቻ ዋጋ ወጥቶለት እንዲቀርብ ይጠይቁ። «የተሟላ ድረ ገጽ» በሚል አንድ መስመር የሚጠቃለል ዋጋ ለክርክር ይዳርጋል። ክፍያውንም ከዚሁ ጋር ያያይዙት፤ አንዱ ክፍል የገጹ መልክ ሲጸድቅ፣ ትልቁ ክፍል ከላይ ያየናቸው ፈተናዎች ሲታለፉ፣ ቀሪው ርክክቡ ሲፈጸም ይከፈል። አብዛኛው ነጋዴ ገጹ አምሮ ባየው ቀን ደስ ብሎት ሙሉውን ይከፍላል፤ ያን ቀን ግን ያየው ፍሮንት ኤንዱን ብቻ ነው፣ ባለሙያውም ቀሪውን ለመጨረስ የሚያስቸኩለው ነገር አይኖረውም።

በርክክቡ ቀን በእርስዎ ወይም በድርጅትዎ ስም ሆነው በእጅዎ መግባት ያለባቸው ነገሮች አሉ። የድረ ገጹ ስም፣ ማለትም ዶሜኑ፣ በባለሙያው ስም ከተመዘገበ ሱቁ የእርስዎ፣ ታፔላው የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው፤ ከሁሉ አስቀድመው እርሱን ያስተካክሉ። ከዚያም የሆስቲንጉ፣ ማለትም ድረ ገጹ የተቀመጠበት የሰርቨር አገልግሎት መለያ፣ የሁለቱም ክፍሎች ሙሉ ኮድ፣ የዳታቤዙ የይለፍ ቃልና ከክፍያ ድርጅቱ ጋር የተከፈተው የነጋዴ ሒሳብ ይከተላሉ። የይለፍ ቃሎቹን በተረከቡበት ዕለት ይለውጧቸው። የፍሮንት ኤንዱ ኮድ ቢጠፋ በገንዘብና በጥቂት ሳምንታት እንደገና ይሠራል፤ የሦስት ዓመት የደንበኞችና የሽያጭ መዝገብ የያዘው ዳታቤዝ ግን ከጠፋ ማንም ሊሠራው አይችልም። ስለዚህ ባክአፕ፣ ማለትም የመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂ፣ በየቀኑ በራሱ ጊዜ እንዲወሰድ፣ ከዋናው ሰርቨር ውጭ ባለ ቦታም እንዲቀመጥ ያድርጉ፤ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ደግሞ ባለሙያው ያንን ባክአፕ በሌላ ሰርቨር ላይ ከፍቶ፣ ትናንት የተመዘገበውን ትዕዛዝ በዓይንዎ እንዲያሳይዎት ያድርጉ።